ልጅ ያቦካው

እናቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። ተረቱ ስለ ሊጥ ይምሰል እንጂ ስለ ቃልም ጭምር ነው፤ ልጅ የተናገረው ቁም ነገር አይሞላም፣ አዋቂ አይሰበሰብበትም ለማለት ይነገራል። እኛ ግን በዚህ ተረት አንስማማም። ልጅ ያቦካው ለራት መብቃት ቀርቶ ሰፈር ሙሉ፣ አንዳንዴም ከተማ ሙሉ ሲያበላ ታይቷል። ዳሩ ግን ልጁ ከቡሖው ውስጥ የጨመረው ዱቄት አንድ እፍኝ ብቻ ነው። የቀረውን ማን ጨመረው? ውኃውን ማን አፈሰሰው? ምጣዱንስ ማን አሰማው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንጠይቅ የተነሣነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብን አንድ ልብ ወለድ ነው። ባለፈው ዕረፍት በስልክ ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እኛም እጅ ገባ። ደራሲው አሜሪካዊው ክሌይ መክላውድ ቻፕማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው መጽሐፍ «ዊስፐር ዳውን ዘ ሌን» ይባላል። ርዕሱ የልጆች ጨዋታ ስም ነው፤ ልጆች በሰልፍ ይቆሙና የመጀመሪያው በሁለተኛው ጆሮ አንድ ቃል ያንሾካሹካል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ እመጨረሻው ልጅ ዘንድ ሲደርስ ቃሉ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ሁሉም ይሥቃል። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የሚሥቅ የለም። በ1980ዎቹ የሚኖር አንድ የ5 ዓመት ሕፃን ስለ አስተማሪው አንዲት ውሸት ይናገራል። እናቱ ታምናለች፣ ጎረቤት ያምናል፣ ከተማው ያምናል፤ አስተማሪው ይጠፋል። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ራሱ አስተማሪ የሆነ አንድ ሰው ያንኑ ዓይነት ክስ ከደጁ ቆሞ ያገኘዋል። መጽሐፉን ማታ ማታ ላነበበ ሰው እንቅልፍ የሚነሣው ሰይጣኑ አይመስለንም። የሚያስፈራው ደጋግ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ የሚሠሩት ሥራ ነው።

መጽሐፉን ካነበቡት ጓደኞቻችን አንዱ ታዲያ፣ «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው። እኛ አገር ልጅን ማን ይሰማዋል? አዋቂ ሲያወራ ‘ውጣ ተጫወት’ ይባላል እንጂ!» አለን። በመጀመሪያ እውነት መሰለን። በእርግጥም እኛ ያደግነው እንግዳ ሲመጣ እግር አጥበን፣ ጥግ ይዘን፣ ሳንጠየቅ ሳንናገር ነው። ቆየት ብለን ግን የታሪክ ክፍል መምህራችን በአንድ ወቅት በጨረፍታ ያነሡት ቃል ትዝ አለን፤ ሌባሻይ።

ሌባሻይ ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ነው፤ «ሻ» በቀድሞው አማርኛ «ፈለገ» ነውና። አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ንብረት ይጠፋበታል፤ ሌባው አይታወቅም፤ ባለቤቱ ለሹም ያመለክታል። ከዚያ ሌባሻዩ ይጠራል። ባለሙያው ግን ብቻውን አይመጣም፤ አንድ ልጅ ያስከትላል። የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ እነዚህ ልጆች ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት የማይበልጥ እንደ ነበሩ ተርኳል። ለልጁ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ጋያ ያስጨሱታል። ልጁ ይሰክርና ራሱን ይስታል። ሲነሣ በወገቡ የታሰረውን ጨርቅ ባለሙያው ከኋላ ይይዛል፤ ልጁ ከፊት እየተንገዳገደ፣ እየወደቀ እየተነሣ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ይከተላል። በመጨረሻ ልጁ አንዱ ቤት ገብቶ ዘፍ ይላል። ያ ቤት የሌባው ቤት ነው። አለቀ! ባለቤቱ የጠፋውን ዕዳ ይሸከማል።

እንግዲህ ጓደኛችን «ልጅን ማን ይሰማዋል» ያለባት አገር ልጅን ዳኛ አድርጋ ኖራለች ማለት ነው። ይህም በዱር በገደሉ ተደብቆ የሚደረግ አልነበረም፤ ሹም የሚያውቀው፣ አደባባይ የወጣ ሥርዓት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በመንግሥት ትእዛዝ እንዲቀር እስኪደረግ ድረስ ብዙ ሰው አምኖበት ኖሯል።

እስቲ ሰልፉን በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ከፊት የሰከረ ልጅ። ከኋላ ጨርቁን የያዘ ሰው። ከዚያ ጀርባ ሕዝብ። በዚያች ሰዓት የእያንዳንዱ ባለ ጎጆ ልብ እንዴት ይመታ ይሆን? ልጁ ወደኔ ዞረ፣ አይ አለፈኝ፣ ተመስገን... ሕዝቡ የሚያየው ልጁን ነው፤ ልጁ ደግሞ ንጹሕ ነው፣ ቂም የለውም፣ ጉቦ አይበላም። ጨርቁን የያዘውን ሰው ማንም ልብ አይለውም። እኛ ግን እንጠረጥራለን። የባለርስቱ አጥር ጋ ሲደርሱ ጨርቁ ሳብ፣ የመበለቲቱ ጎጆ ጋ ሲደርሱ ላላ ሳይል አይቀርም። ሳብና ላላ ባይል እንኳ፣ የተከታዮቹ ጉርምርምታ ይበቃል፤ የሰከረ ልጅም ቢሆን ሕዝቡ ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግ ጀርባው ይነግረዋል።

ሌባሻይ ቀረ እንበል። ጨርቁ ግን አልተበጠሰም።

ከአዳማ ተነሥታችሁ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌ አድርጋችሁ ሻሸመኔ እስክትደርሱ ባለው መንገድ ዳር ያደገ ልጅ፣ አማርኛ ይናገር ኦሮምኛ፣ «ቡዳ» የሚለውን ቃል አፉን ሳይፈታ ያውቀዋል። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ አንድ ነው። ሰው ድንገት ይታመማል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። «ተበላ» ይባላል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይመጣል፤ ጢስ ይጤሳል፤ በሽተኛው በጢሱ እየታፈነ ይጠየቃል። «ማነህ? ከየት መጣህ? የት አግኝተህ በላኸው?» ካልመለሰ ጢሱ ይጨመራል፤ አንዳንዴም ይመታል። በመጨረሻ ይለፈልፋል። ስም ይጠራል። ስሙ ሲጠራ ጢሱ ይነሣለታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በጢስ የታፈነ ሰው የማንን ስም ይጠራል? የሚወደውን? የሚያከብረውን? አይደለም። ጠያቂዎቹ ቀድሞውኑ የሚጠብቁትን ስም ነው የሚጠራው። ይኸውም ያ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ያች ሸክላ የምትሠራው፣ ያ ቆዳ የሚፍቀው፣ በኦሮምኛ «ቱምቱ» የሚባለው አንጥረኛ፣ በጎንደር በኩል ደግሞ ቤተ እስራኤል ናቸው። ማረሻውን የሠራልን፣ ድስቱን ያበጀችልን ሰው «በላችን» ይባላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ በነጋሪት ተነገረ፤ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ተባለ። ሐሜቱ ግን ነጋሪት አያስፈልገውም፤ እርሱ ሁልጊዜ የሰማ ላልሰማ ሲያሰማ ይኖራል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1692 በአሜሪካ ሳሌም በምትባል መንደር የአንድ ቄስ የ9 ዓመት ልጅና የ11 ዓመት ዘመዷ መንዘፍዘፍና መጮኽ ጀመሩ። አዋቂዎች ተሰብስበው የጠየቁት ጥያቄ የእኛኑ አገር ጥያቄ ነበር፤ «ማነው የሚያሠቃያችሁ?» መጀመሪያ የተጠሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ በቄሱ ቤት ያለች ባሪያ፣ አንዷ ለማኝ፣ አንዷ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመች በሽተኛ። ነገሩ ተቀጣጥሎ 19 ሰዎች በስቅላት ተገደሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በድንጋይ ክምር ተጨፍልቆ ሞተ። ከፈራጆቹ አንዱ ሳሙኤል ሱዎል ከ5 ዓመት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ጥፋቱን አመነ። ከከሳሾቹ ልጆች መካከል በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረችው አን ፑትናም በ1706 ይቅርታ ጠየቀች።

ወደ ዘመናችን ስንጠጋ ደግሞ ለልብ ወለዱ መነሻ የሆነው የዘመን ትኩሳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ ማክማርቲን በሚባል የሕፃናት መዋያ ላይ አንዲት እናት ክስ አቀረበች። ፖሊስ ለወላጆች በሙሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ «ልጆቻችሁን ጠይቁ» አለ። ከ300 በላይ ልጆች ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ በአሻንጉሊት እያጫወቱ «ሌሎቹ ልጆች ነግረውናል፣ አንተስ ጎበዝ አይደለህም እንዴ?» ወደሚል ነገር ወሰዷቸው። «አዎ» ያለ ይመሰገናል፤ «አላየሁም» ያለ እንደገና ይጠየቃል። ከዚያ ከመሬት በታች ስላለ ዋሻ፣ በአየር ላይ ስለሚበርሩ ሰዎች ይወራ ጀመር። 7 ሰዎች ተከሰሱ፤ ነገሩ 7 ዓመት ፈጀ፤ በ1990 አንድም ሰው ሳይፈረድበት ተዘጋ። በ2005 ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጎልምሶ፣ የተናገረው ሁሉ ሐሰት እንደ ነበረና ጠያቂዎቹ የሚፈልጉትን ሲሰጣቸው እንደ ኖረ በጋዜጣ ገለጠ።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ነገሩን መፈተን ያዙ። ላይክትማንና ሴሲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ሙከራ አለ። «ሳም ስቶን» የተባለ እንግዳ ወደ ሕፃናት መዋያ ይመጣል፤ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ አንዳች ሳያበላሽ ይሄዳል። ለአንዳንዶቹ ልጆች ሳም ከመምጣቱ በፊት «ሳም እኮ ዝርክርክ ነው፣ ዕቃ ይሰብራል» እየተባለ በተደጋጋሚ ተነገራቸው፤ ከሄደም በኋላ «ሳም መጽሐፉን የቀደደው ተናድዶ ነው ወይስ ሲጫወት?» ዓይነት ጥያቄ ለሳምንታት ቀረበላቸው። በመጨረሻ ሲመረመሩ፣ ከእነዚህ መካከል ከ3 እስከ 4 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 72 በመቶው ሳም መጽሐፍ ቀድዷል ወይም አሻንጉሊት አቆሽሿል አሉ። ልጆቹን ክፉ ውሸታሞች ልንላቸው ነው? ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡት። መጽሐፉ መቀደዱ በጥያቄው ውስጥ ተጋግሮ ነው የቀረበላቸው፤ ለልጁ የተተወለት ቆርሶ መጉረስ ብቻ ነው።

እኛ አዳማ ላይ ያየነውን ደግሞ እንጨምር። ሰፈራችን ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ የማይርቅ፣ ንፋሱ አቧራ ይዞ ከሰዓት በኋላ የሚነሣበት፣ ጋሪና ባጃጅ የሚጋፉበት ሰፈር ነው። አንድ ቅዳሜ ዳቦ ግዛ ተብሎ 10 ብር የተሰጠው የ6 ዓመት ልጅ ሳይመለስ ቀረ። እናቱ ሰፈሩን አካለለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ ባዶ እጁን፣ ፊቱ በአቧራ ተለውሶ ብቅ አለ። ሰው ተሰበሰበ።

«የት ነበርክ?»

ዝም።

«ሰው ይዞህ ነው እንዴ?»

ልጁ ዙሪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወይኔ ልጄን! የቱ ሰውዬ? ያ ማዳበሪያ የተሸከመው?»

ነቀነቀ።

«ቆራሌው?»

ነቀነቀ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ልጁ እስከዚህ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረም። «ሰው» ያሉት ጎረቤቶች ናቸው፤ ማዳበሪያውን ያመጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ ቆራሌውንም የጠሩት ጎረቤቶች ናቸው። ቆራሌው ደግሞ እንደዚያ እንደ ሳም ስቶን፣ ገና ሳይመጣ ታሪኩ የተጻፈለት ሰው ነው። በአገራችን «ዝም በል፣ ቆራሌው ማዳበሪያው ውስጥ ይከትሃል» ሳይባል ያደገ የከተማ ልጅ ማን አለ?

ሰውዬው ከሁለት መንገድ ወዲያ «ቆራሌው!» እያለ ሲጣራ ተያዘ። ከማዳበሪያው ውስጥ ልጅ የሚፈልግ ይመስል ገለበጡት፤ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የሬዲዮ ቀፎ፣ አንድ እግር ጫማ ተዘረገፈ። ይህ ሲሆን ልባቸው ሊመለስ ይገባ ነበር፤ ግን የባሰ ተቆጡ። «ከየት ነው የመጣኸው? መታወቂያ አውጣ!» አሉት። ሲመልስ አነጋገሩ የሰፈራችን አልነበረምና ይኸም ሌላ እፍኝ ዱቄት ሆነ። አንድ ጋሪ ነጂ አለንጋውን ይዞ ወረደ። ድንጋይ ያነሣም አየን። እኛ ያን ጊዜ ከልጁ ጥቂት ብንበልጥ ነው፤ አጥር ላይ ተንጠልጥለን የምናያቸው ሰዎች የምናውቃቸው ነበሩ፤ የጓደኞቻችን አባቶች፣ በዓል ሲሆን ከበግ ቅርጫው የሚካፈሉ፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክሉ። ፊታቸው ግን የሚታወቅ አልነበረም።

ነገሩን የቆረጡት ጥግ ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ሰፌዳቸውን አስቀምጠው በሰው መሀል ሰንጥቀው ገቡና ከልጁ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ና እስቲ የኔ ልጅ። የዳቦው ብርስ የታለ?»

ልጁ ያን ጊዜ ገና አፉን ከፈተ። «በብይ ተበላሁ እማማ» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው።

ሰዉ ተበተነ። ሰውዬውን ይቅርታ ያለው አልነበረም። አንዱ እንዲያውም «ቢሆንም መጠንቀቅ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። እማማ ጎንበስ ብለው ጠርሙሶቹን ከሰውዬው ጋር ለቀሙ። ልጁ ማታ ተገረፈ፤ «ስለ ዋሸ» ተባለ። ኧረ ለመሆኑ የቱን ውሸት? ቆራሌው ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አላለፈም፤ ለልጆቹ ግን ማስፈራሪያነቱ እንደ ቀጠለ ነው።

የእማማ ጥያቄ ከሌሎቹ በምን ተለየ? ብለን ብዙ ጊዜ አስበንበታል። የሌሎቹ ጥያቄ መልሱን አርግዞ የመጣ ነው። የእርሳቸው ግን የሚታይ የሚዳሰስ ነገር ይጠይቃል። ብር ነበረ፤ አሁን የለም፤ የት ሄደ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ጭራቅ የለም። ደግሞም ቁጢጥ ብለዋል፤ የልጁን ዓይን ያዩት ከላይ ወደ ታች አልነበረም።

አንባቢ ይህን ሲያነብ «ታዲያ ልጅ ሲናገር አንስማ ነው የምትሉት?» ይል ይሆናል። በፍጹም! በልጅ ላይ በደል የሚፈጽም ሰው በዓለም ሁሉ አለ፤ በእኛም ከተሞች አለ። የተበደለ ልጅ ደፍሮ ሲናገር «ዝም በል» የሚባልበት ቤትም ሞልቷል፤ ይህ ደግሞ የቆራሌውን ያህል ግፍ ነው። ከማክማርቲን ጉድ በኋላ ልጆችን የሚመረምሩ ባለሙያዎች የተማሩት ነገር ቢኖር፣ «እገሌ ነው አይደል?» ማለት ትተው «ምን ሆነ? እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብለው ዝም ማለትን ነው። ልጅን መስማት ማለት በአፉ ቃል አለማስቀመጥ ማለት ነው። አፉ ላይ ቃል ያስቀመጠበት ሰው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

የእኛ ሰፈር ታሪክ በቆሎ ሻጭ እናት ተቋጨ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ያለች እናት አትገኝም። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ የአቶ ጃዋር መሐመድን አቀባበል ለማየት እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ ተነሣ። ሰውዬው በሕዝብ ፊት ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑ በአደባባይ ተሰቀለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በምዕራብ ጎጃም በአዴት አካባቢ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን በክትባት ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ በደቦ ተገደሉ። ሁለቱ ቦታዎች ይራራቃሉ፤ ቋንቋቸውም ይለያያል። ወሬው ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት መንገድ ሄዷል፤ የሚወደድ ነገር አለ፣ በአንዱ እንግዳው፣ በሌላው ልጆቹ፤ ለሚወደደው ነገር ፍርሃት አለ፤ ከዚያ የማይታወቅ ሰው ብቅ ይላል።

የሻሸመኔውን እኛ ያየነው በስልክ ነው፤ ገና ታዳጊዎች ነበርን። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ታላቅ ወንድም «አትዩ» ብሎ ስልኩን ነጠቀን፤ ግን አይተን ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በሻሸመኔ ባለፍን ቁጥር፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ድንች የምትሸጠውን፣ ሻይ የሚያፈላውን፣ ታክሲ የሚጠራውን እያየን «ይሄ ሰው በዚያ ቀን የት ነበር?» እንል ነበር። ጥያቄያችን ለሻሸመኔ ሰው ግፍ እንደ ሆነ የገባን የራሳችንን ሰፈር ስናስታውስ ነው። በአዳማው አጥር ላይ ተንጠልጥለን ያየናቸው አባቶች ከዚህ በምን ይለያሉ? እማማ የዚያን ቀን ቆሎ ሳይወጡ ቢውሉስ ኖሮ?

ይህን ሁሉ ለምን እዚህ፣ በተማሪ መጽሔት ላይ እንጽፋለን? የእኛም ግቢ ከተማ ስለ ሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሞቱ በኋላ ሁከቱ በአያሌ ግቢዎች ተዛምቶ ታላላቆቻችን ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው እንደ ተመለሱ ሰምተናል። ከእነርሱ የሰማነው ከዱላው ይልቅ የሌሊቱን ነው። መብራት ጠፍቶ በየአልጋው ስልክ ሲበራ፣ «እነ እገሌ ሊመጡብን ነው» የሚል መልእክት ሲደርስ፣ ያው መልእክት በሌላኛው ሕንፃ ለሌሎቹ «እነ እገሌ» ሲደርሳቸው፣ ሁለቱም ወገን በር ዘግቶ የሌላውን ኮቴ ሲያዳምጥ ያድር ነበር። የሌባሻዩ ልጅ ወተት ጠጥቶ፣ ጋያ አጭሶ ነው የሰከረው። እኛ ያለ ወተትና ያለ ጋያ እንሰክራለን። ጨርቁን የያዘው ሰው ደግሞ ከኋላችን ቆሞ አይታይም፤ ምናልባትም ሌላ አገር ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል።

አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ለዚህ ይመስለናል። እኛ የምንጨምረው ግን ዱቄት ነው። «ሰማችሁ?» ሲሉን «አዎ፣ እንዲያውም...» እንላለን። ይህች «እንዲያውም» የምትባል ቃል ስንት ሰው እንዳስገደለች ቢቆጠር! ከእንግዲህ ከመካከላችን አንዳንዱ አስተማሪ ይሆናል፣ አንዳንዱ ዳኛ፣ አንዳንዱ ጋዜጠኛ፤ ሁላችንም ደግሞ አንድ ቀን የሆነ ልጅ ከፊታችን ዝም ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው የሚለየን። እስከዚያው በየመኝታ ክፍላችን ወሬ ሲመጣ የእማማን ጥያቄ መልመድ እንችላለን፤ ማን አየ? መቼ? የት ቆሞ? የዳቦው ብርስ የታለ?

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ሌባሻይን ከወላጆቻቸው የሰሙ አያቶች በየአካባቢያችሁ አሉ። በቡናው ጊዜ ጠይቋቸው። ስትጠይቁም «ጨካኝ ነበር አይደል?» አትበሉ፤ «እንዴት ነበር?» በሉና አድምጡ። የሰማችሁትን ጽፋችሁ ለዚች መጽሔት ብትልኩ፣ የእናንተን ከእኛ ጋር አስተያይተን በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን።